ቴፒ ላይ ዞን ያስገባሁ ዕለት

ቅርጫት ኳስ ተጫውቼ አላውቅም። ኳሷን በእጄ የነካኋት ከሜዳ ወጥታ ወደኔ ስትንከባለል ብቻ ነው። ያን ጊዜም መልሼ ስወረውራት ቦይ ውስጥ ነው የገባችው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ መከላከል ስልት ምን ሊነግረን ነው ትሉ ይሆናል። ግድ የለም፣ በሉ፤ ቴፒ ላይም ያላሉኝ የለም።

ያኔ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። በዚያ ዘመን ካሴት የሚያከራይ ሰው ከሐኪም ቀጥሎ የሚከበር ነበር፤ እኔ እንኳ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። መደርደሪያዬ ላይ ከህንድ ፊልሙ፣ ከካራቴው፣ ከሰርግ ቪዲዮው መሃል የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ የተቀዳባቸው ካሴቶች ነበሩ። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣቸው ናቸው። የሚከራያቸው ስለጠፋ እኔው አየኋቸው። ደጋግሜ ከማየቴ የተነሳ አንዱ ተጫዋች ላቡን ጠርጎ ፎጣውን የት እንደሚጥለው ሁሉ አውቅ ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ነበረባቸው። የምወደው ግጥሚያ መጨረሻው ላይ የባለቤቴ ወንድም ሰርግ ተቀድቶበታል። ሦስተኛው ሩብ ያልቃል፣ ረዥሙ ሰውዬ ውኃ ይጠጣል፣ አሰልጣኙ ሰሌዳውን አውጥቶ አንድ ትልቅ ነገር ሊናገር አፉን ይከፍታል፣ ወዲያው ሚዜዎች እየጨፈሩ ይገባሉ። ስለዚህ የኔ የቅርጫት ኳስ ዕውቀት እስከ ሦስተኛው ሩብ ሙሉ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሙሽራ ነው።

ይህን ዕውቀት ይዤ እሁድ እሁድ ከሰዓት የከተማችን የሴቶች ቡድን ልምምድ ወደሚያደርግበት ሜዳ እሄድ ነበር። የምቆመውም ከአሰልጣኛቸው ከጋሽ ተሾመ ጀርባ ነው። ጋሽ ተሾመ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስፖርት ያስተማሩ፣ ቀጭን፣ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ልጆቹን ያስተምራሉ፤ እኔ ከፍ ባለ ድምፅ እሳቸውን አስተምራለሁ።

«ዞን! ጋሼ፣ ዞን ያስገቧቸው እንጂ!»

ለማያውቅ ላስረዳ። ሲከላከሉ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሰው በሰው ነው። እያንዳንዷ ተጫዋች አንዲት ተቃራኒ ትይዛለች፤ እንደ ቀናተኛ ባል በሄደችበት ትከተላታለች፣ ቆማ ካወራች ቆማ ትሰማለች። ሁለተኛው ዞን ነው። እዚህ ሰው መከተል የለም። እያንዳንዷ ቦታዋን ትይዛለች፤ ክልሏ የገባውን ሁሉ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር «አቤት፣ ምን ፈልገሽ ነው?» ትላለች። ጋሽ ተሾመ የሚያምኑት ሰው በሰውን ነው። ካሴቶቼ የሚያምኑት ዞንን ነው። እኔ የማምነው ካሴቶቼን ነው።

ጋሽ ተሾመ ለዓመታት አንድ ቀን እንኳ ዞረው አይተውኝ አያውቁም። አንድ እሁድ ግን ዞሩ።

«አንተ» አሉኝ፣ ባርኔጣቸውን አነሳ አድርገው፣ «ልጄ ጅማ ወልዳለች። ሄጄ ላያት ነው። የቴፒውን ግጥሚያ አንተ ይዘሃቸው ሂድ።»

«እኔ?»

«ከጀርባዬ ስትጮህ የነበርከው አንተ አይደለህም እንዴ? ወይስ ሌላ ሰው ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ። ሌላ ሰው አልነበረም።

«አደራ የምልህ አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ። «ሰው በሰው ይጫወቱ። ያን ያውቁታል። እሱን እንዳትነካባቸው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ገና ከሜዳው ሳልወጣ በልቤ ነክቼው ነበር።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ያን ግጥሚያ ያሸነፈ ሐዋሳ ሄዶ ከሌሎች አካባቢዎች ቡድኖች ጋር ይጫወታል። ከልጆቹ መሃል ሐዋሳን ያየች አልነበረችም። ሐይቁን፣ ዳሩ ላይ የሚበላውን ዓሣ፣ እዚያ የሚነሱትን ፎቶ እያለሙ ሲያወሩ ወራት አልፏቸዋል። ቡድናችን ደግሞ ቴፒ ሄዶ አሸንፎ አያውቅም።

የቡድኑ አምበል ዘነበች ትባላለች። ሸዋ ቤንች ተወልዳ ያደገች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ረዥም፣ ረጋ ያለች፣ ክፍል ውስጥ አንዴ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ጎረቤት ክፍል ያለውም ተማሪ ዝም የሚልላት ዓይነት። ሌላዋ ሂሩት ናት፤ የጎረቤታችን የአማን ከተማ ፀጉር ሠሪ። ሂሩት በእጇ ፀጉር፣ በአፏ ሰው የምትሠራ ሴት ናት።

በመጀመሪያው ልምምድ መሬቱ ላይ በጠመኔ ሣጥን ሣጥን አድርጌ ሳልኩና ዞንን አስረዳሁ።

«እንግዲህ የያዝኳት ሴት ወደ ሂሩት ቦታ ብትሄድ እተዋታለሁ?» አለች ዘነበች።

«ትለቂያታለሽ። ሂሩት ትቀበላታለች።»

«ሂሩት ሥራ ላይ ብትሆንስ?»

«መነጋገር ነዋ! ዞን ማለት አፍ ነው። ‹ያንቺ ናት! የኔ ናት! በግራ መጣች!› እያላችሁ መጮህ አለባችሁ።»

«በአፍ ከሆነማ ጨዋታው አለቀ» አለች ሂሩት።

ዘነበች ግን አሰበችበት። «ስንጮህ ቴፒዎቹም ይሰሙናል እኮ» አለች። ትንሽ ቆየት ብላ፣ «ለምን በአገራችን ቋንቋ፣ በቤንችኛ አንነጋገርም? ግማሻችን እንችላለን። የቀሩት የምታስፈልጋቸውን ጥቂት ቃል እናስተምራቸዋለን።»

ከደስታዬ ብዛት አጨበጨብኩ። እቤት ስገባ ለባለቤቴ የነገርኳት የራሴ ሐሳብ አድርጌ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሜዳው በቤንችኛ ይናወጥ ጀመር። ሂሩት ፀጉር ቤቷ ውስጥ ሳይቀር ቃላቱን እየተለማመደች ደንበኞቿን ግራ ታጋባለች። እኔ አልተማርኩም። ሚዛን ተወልጄ ሚዛን ያደግሁ ሰው ሆኜ ቤንችኛ አለማወቄ ያሳፍር እንደነበር ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን አሰልጣኝ የሚያስብ እንጂ የሚያጠና ሰው አይደለም ብዬ ተውኩት።

የግጥሚያው ዕለት በአይሱዙ ጭነት መኪና ላይ ተሳፍረን ወደ ቴፒ ተነሳን። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መንገዱን ገንፎ አድርጎታል። ገና ግማሽ ሳንደርስ የኋላ ጎማው ሰመጠ። ልጆቹ ዘለው ወርደው መግፋት ጀመሩ። እኔ አሰልጣኝ ነኝና ከጎማው ኋላ ቆሜ አመራር ሰጠሁ።

«በግራ ግፉ! ሂሩት፣ ከስር ያዢ! ሹፌር፣ ነዳጅ ስጠው!»

ሹፌሩ ሰጠው። መኪናው ወጣ። ከመኪናው ስር የነበረው ጭቃ በሙሉ እኔ ላይ ወጣ። ለዚያ ቀን ብዬ የለበስኩት ኮት ከዚያ በኋላ ቀለሙ ምን እንደነበር ማስታወስ እንኳ አልቻልኩም። ልጆቹ በጨዋነት ዞር ብለው ሳቁ። ሂሩት ዞር ማለቱም አላስፈለጋትም።

ቴፒ ስንደርስ ፀሐይ ወጥቶ ጭቃዬ ደርቆ ነበር። ስራመድ ድምፅ አሰማለሁ። ሜዳውን ከከበበው ሕዝብ አንዱ እኔን ሲያይ «ግንበኛም ይዘው መጡ እንዴ?» አለ። ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ።

የቴፒው አሰልጣኝ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ እጁን ጨብጦ የማይለቅ ሰው ነው። ገና ሰላም ሳንባባል ስለ ሪባውንድ፣ ስታ ስለምትመለሰው ኳስ፣ ማውራት ጀመረ። ፊሽካ ባይነፋ ኖሮ አሁንም እጄን እንደያዘ ነበር። በሜዳው ዳር የነበረው ጥላ አንድ ብቻ ስለሆነ የኔ አግዳሚ ላይ ጃንጥላ የያዙ፣ ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ ተቀምጠው ነበር። የሱ ሚስት መሆናቸውን አላወቅሁም። ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ።

ጨዋታው ተጀመረ። እናንተዬ፣ እንዴት ያለ መጀመሪያ! ዘነበች በቤንችኛ አንድ ነገር ትጮሃለች፣ ልጆቹ ወዲያው ይንቀሳቀሳሉ፣ የቴፒዎቹ ተጫዋቾች ኳሷን ይዘው የሚሄዱበት ይጠፋቸዋል። አንዷማ ግራ ቢገባት ኳሷን ለዳኛው አቀበለችው። እኔ ከዚህ ከዚያ እየተራመድኩ፣ ከኮቴ ጭቃ እየረገፈ፣ «ዞን! ዞኑን ጠብቁ!» እላለሁ። እረፍት ስንወጣ እየመራን ነበር።

«አያችሁ?» አልኳቸው፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቶ። «ይኸ ነው ዞን! እንዲህ ያለ ዞን በካሴትም አላየሁ!»

ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሂሩትን ውኃ ትን አላት። ዘነበች ጀርባዋን መታ መታ እያደረገች፣ «አዎ፣ ጥሩ ነው» አለች በአስተማሪ ድምፅ። እኔ ትሕትና መሰለኝ።

ከእረፍት በኋላ ቴፒዎች አንዲት አጭር ልጅ አስገቡ። ከገበያ ዘግይታ የመጣች ናት፤ ግንባሯን በቀይ ሻሽ አስራለች። ጨዋታው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ጨዋታ ሆነ። ዘነበች ትጮሃለች፤ ባለ ቀይ ሻሿ ፈገግ ትልና ሰው በሌለበት በኩል ሹልክ ትላለች። ደግሞ ትጮሃለች፤ ደግሞ ሹልክ። ከሁሉ የገረመኝ ሕዝቡ ነው። ከፊሉ የኛ ልጆች አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር በሳቅ ይፈርሳል።

በአነጋገራችን የሚስቁብን መሰለኝና ተናደድኩ። «አትፈሩ!» አልኩ በኃይል። «ጩኹ! ተነጋገሩ! ሂሩት ደክሟታል፣ በቀኝ በኩል ክፍት ነው! ቀኙን ዝጉ!»

ቴፒዎች በቀኝ በኩል ገብተው አገቡ።

«ዘነበች፣ ወደ ቀኝ ስትሄጂ መሃሉ ባዶ ሆነ! መሃሉን!»

በመሃል ገብተው አገቡ።

አጠገቤ ወይዘሮ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። እያለቀሱ መስሎኝ አየኋቸው። እየሳቁ ነው።

«እትዬ፣ ምንድን ነው የሚያስቅዎት?»

«ልጆችህ ናቸዋ፣ ወንድሜ።»

«የሚነጋገሩት በምስጢር ነው» አልኩ ኮስተር ብዬ። «በቤንችኛ ነው።»

«ምስጢርነቱ ለማን ነው?»

«ለእናንተ ነዋ።»

«እኔ እኮ ቤንች ነኝ» አሉ። «ያቺ ባለ ቀይ ሻሿም ሸዋ ቤንች ነው ያደገችው፤ የአክስቴ ልጅ ናት። እዚህ ከቆመው ሰውም የማይሰማው ስንት አለ ብለህ ነው? ቤንችኛ የጠፋው አንተን ብቻ ነው።»

ላቤ መጣ። ላቡ ከደረቀው ጭቃ ጋር ሲገናኝ አዲስ ጭቃ ሆነ።

«እና... ምንድን ነው የሚሉት?»

«ረዥሟ ‹ሴትዮሽን አትልቀቂያት፣ ጋሽ ተሾመ እንዳስተማሩን› ትላለች።»

«ሴትዮሽን? እሱ እኮ ሰው በሰው ነው!»

«እኔ ስሙን አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ ግን የሚሉት ይህንኑ ነው። አንተ ስትጮህ ደግሞ...» እንደገና ሳቃቸው መጣ። «ልናገረው?»

«ይናገሩት።»

«‹ቪዲዮው ተከፈተ፤ ተዉት፣ ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል› ይባባላሉ።»

ምን ላድርግ? በመጀመሪያው አጋማሽ ስኮራበት የዋልኩት ዞን ዞን አልነበረም። ዓይኔ እያየ፣ ጅማ ያሉት ሽማግሌ ናቸው ያጫወቱት። አንዲት ደቂቃ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ተመኘሁ። ቀጥሎ አንድ ነገር ገረመኝ።

«ቆይ እትዬ፣ እርስዎ ለምን ይነግሩኛል? የቴፒ ሰው አይደሉም?»

«ያ ሆዳሙ ባሌ ነው» አሉ በአገጫቸው ወደ አሰልጣኙ እያመለከቱ። «ያሸነፈ ዕለት ራት ላይ ወንበር ደርድሮ ጨዋታውን እንደገና ያጫውተናል። ባለፈው ልጆቼን በሩ ላይ ተከላካይ አድርጎ ሲያቆም ወጡ ቀዘቀዘ። ዛሬ ካሸነፈ ሐዋሳ ደርሶ እስኪመለስ ይህንኑ ልንሰማ ነው። በእግዜር ይዤሃለሁ፣ አንድ ነገር አድርግ።»

«ቤንችኛውን ላስተዋቸው?»

«ቤንችኛው ብዙም አልጎዳችሁም» አሉ እያዘኑልኝ። «የጎዳችሁ ያንተ አማርኛ ነው። አማርኛማ ሁሉም ይሰማል።»

«ታይም!» ብዬ ጨዋታውን አስቆምኩ። ልጆቹ መጡ። ልቆጣ አስቤ ነበር፤ አፌ ግን ሌላ ነገር አወጣ።

«አንድ ቀን እንኳ ዞን ተጫውታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሁሉም የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። ሂሩት ናት የደፈረችው። «እውነቱን ልንገርህ? አልገባንም። ሞከርነው፣ ሁላችንም አንድ ሣጥን ውስጥ ተገኘን። እንዳይከፋህ ብለን ነው።»

«አልከፋኝም» አልኩ። ከፍቶኝ ነበር። ከዚያ ስለ ባለ ቀይ ሻሿ ነገርኳቸው። ዘነበች እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

«እኔም ሳያት የማውቃት መስሎኝ ነበር!» አለች። «ምን እናድርግ ታዲያ?»

ፊታቸውን አየሁት። ይጠብቁኛል። ከካሴቶቼ ውስጥ አንድ ነገር ፈለግሁ፤ የመጣልኝ ሚዜዎቹ ብቻ ናቸው።

«ሰው በሰው ተጫወቱ» አልኩ። «እንደምታውቁት። ግን በምንም ቋንቋ አትነጋገሩ። ዝም በሉ።»

«ሁላችንም?» አለች ዘነበች።

«ሁላችሁም።»

«አንተም?» አለች ሂሩት።

እሱን አላሰብኩትም ነበር።

«እኔም» አልኩ።

ዝም ማለት ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ከባዱ ነው። ገና ጨዋታው እንደቀጠለ «ቀ...» ብዬ ልነሳ ስል ወይዘሮ አስካለ ኮቴን ይዘው አስቀመጡኝ። ጎናቸው ካለው ዘንቢል አንድ ክንድ የሚያህል ሸንኮራ አገዳ አውጥተው አፌ ላይ ሰኩልኝ። «በል እንግዲህ፣ ለዚህ ተናገርለት» አሉ። ነከስኩ። የልጅነት ጥርሴ ቢሆን ኖሮ አልቆ ነበር። መናገር ያማረኝን ሁሉ አኘኩት፤ ምጣጩ ጉልበቴ ላይ ተከመረ።

ሜዳው ጭር አለ። የኛ ልጆች እንደ ጥላ ተቃራኒዎቻቸው ላይ ተጣበቁ። ባለ ቀይ ሻሿ ጆሮዋን ትጥላለች፣ የሚሰማ የለም። ሁለት ጊዜ ኳሷን ወደ ውጭ ጣለች። ቀስ በቀስ ደረስንባቸው፤ ከዚያም በአንድ ቅርጫት ቀደምናቸው። ያኔ የቀረው ሰዓት ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ነበር፤ ኳሷም የነሱ ናት።

ባለ ቀይ ሻሿ ኳሷን እያነጠረች መጣች። ዘነበች ተደቀነችባት። ከቅርጫቱ ስር ሂሩት የነሱን ረዥም ልጅ ከፊት ዘግታ ትተነፍሳለች። ያን ጊዜ ባለ ቀይ ሻሿ ዓይኗን ሳትነቅል፣ የዘነበችን ድምፅ አስመስላ፣ በቤንችኛ አንድ ነገር ጮኸች። ቃሉ ባይገባኝም ድምፁ ቁርጥ የዘነበች ነበር። ወይዘሮ አስካለ «ኧረ ተንኮለኛ!» ብለው ጉልበቴን ቆነጠጡኝ። ከኛ ቤንችኛ የሚችሉት ሁሉ እግራቸው ተነቃነቀ። ወዲያው ኳሷ ወደ ረዥሟ ልጅ ተወረወረች፤ ሂሩት ትታው ትሄዳለች ተብሎ ወደተገመተው ቦታ ማለት ነው።

ሂሩት ግን ንቅንቅ አላለችም። ኳሷ መጥታ ሆዷ ላይ አረፈች። ሂሩት እንደ ጨቅላ ሕፃን አቅፋ ይዛት ተቀመጠች። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ።

ከዚያ የሆነውን ግራ ቀኙን አላስታውስም። ልጆቹ ይጮሃሉ፣ ዘነበች ታለቅሳለች፣ የቴፒው አሰልጣኝ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ወይዘሮ አስካለ «እፎይ!» ብለው ጃንጥላቸውን አጠፉና ባላቸውን ሊያጽናኑ ሄዱ።

«ምንድን ነው ያለችኝ ግን?» ትላለች ሂሩት መሬት ላይ እንደተቀመጠች።

«‹ሂሩት፣ የያዝሽውን ተይና እኔን እርጂኝ› ነው ያለችሽ» አለች ዘነበች እንባዋን እየጠረገች። «አልገባሽም?»

«ከዚያ ሁሉ የገባኝ ‹ሂሩት› የምትለዋ ብቻ ናት። ቆይ፣ ስሜን ማን ነገራት?»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። አፌ ውስጥ አገዳ ነበር፤ ተመስገን፣ መልስ አልጠበቁም።

ሐዋሳ የወሰዷቸው ጋሽ ተሾመ ናቸው። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ተሸንፈው፣ ሐይቁን አይተው፣ ዓሣቸውን በልተው፣ አንድ ጥቅል ፎቶ ተነስተው መጡ። በፎቶዎቹ ውስጥ አንድም ኳስ አይታይም።

እኔ ግን ከቴፒ ስንመለስ አይሱዙው ላይ ጋቢና ግባ ብባል እምቢ ብዬ ከኋላ ከነሱ ጋር ተቀመጥኩ። ልጆቹ በቤንችኛ ይዘፍናሉ፣ ይሳሳቃሉ። «እስኪ እኔንም አንድ ቃል አስተምሩኝ» አልኳቸው። ትንሽ ተንሾካሸኩ። ከዚያ ዘነበች በአስተማሪነቷ ቀጥ ብላ አንድ ዐረፍተ ነገር አስጠናችኝ። አጠራሬ እስኪስተካከል እየደጋገመች ቆየች። «ለታላቅ ሰው የሚቀርብ ሰላምታ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ገበያ ሄጄ ከማዘወትራቸው የሙዝ ሻጭ ፊት ኮቴን አስተካክዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ሰላምታዬን በቤንችኛ አቀረብኩ። ሴትዮዋ መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ። ከዚያ ጎረቤታቸውን ጠርተው «ድገምላት» አሉኝ። ደገምኩ። የጎረቤታቸው ጎረቤትም መጣች። ለእሷም ደገምኩ። ትርጉሙን ዘነበችን ጠየቅሁ፤ «ነግሬህ የለም እንዴ?» አለች። ሂሩትን ጠየቅሁ፤ የያዘችውን ማበጠሪያ ጥላ ጓዳ ገባች። የሙዝ ሻጯን እራሳቸውን ብጠይቅ «እኔ አፌን አላበላሽም» አሉኝ። አሁን መጠየቁን ትቼዋለሁ። ገበያ በሄድኩ ቁጥር ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ እሳቸውም እየሳቁ ምራቂ ይጨምሩልኛል።